ያለ ሌባ የሚሰማ ኡኡታ
ስለ መገጣጠሚያ ሕመምና በሰውነት ውስጥ ስለሚላላኩ መልእክተኞች



በአዳማ ከተማ ማለዳ የሚነሣ ሰው ሁሉ የሚያየው ነገር አለ። ገና ሰማዩ ሳይነጣ ወጣት ሴቶች ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ምሳቸውን ቋጥረው፣ ሁለት ሦስት እየሆኑ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ይጓዛሉ። ይህ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. በመስከረም ወር የተመረቀ ሲሆን፣ በውስጡ ከሚሠራው ሥራ የሚበዛው የጨርቃ ጨርቅና የልብስ ሥራ ነው። የልብስ ስፌት ደግሞ የጣት ሥራ ነው። ጨርቁን የሚያስተካክለው፣ ክሩን የሚያስገባው፣ ከመርፌው የሚጠነቀቀው ጣት ነው። ስለዚህ በዚያ ስፍራ ጣቱ የታመመበት ሰው እንጀራው ይታመምበታል።

ከነዚሁ ወጣቶች አንዲቱ የክርስትና ልጃችን ናት። ስሟን አንጽፍም፤ ታሪኳ ግን ለሌላ ሰው ትምህርት ይሆን ዘንድ እንድንጽፈው ራሷ ፈቅዳልናለች።

ዕድሜዋ ሃያ አራት ዓመት በሆነ ጊዜ አንድ ማለዳ የቀሚሷን ቍልፍ ለመቈለፍ ብትሞክር ጣቶቿ እንቢ አሏት። የሁለቱም እጆቿ የጣት አንጓዎች አብጠው ነበር። እስከ ጧቱ ሦስት ሰዓት ድረስ እንደ ደረቀ ጠፍር ግትር ብለው ይቈዩና ኋላ ጥቂት ይላላሉ። እናቷ፣ «ልጄ፣ ብርድ መትቶሽ ነው» ብለው በቅቤ አሿት፤ ፌጦም በጥብጠው አጠጧት። ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ ወሰዷት፤ ሁለት ቀን ቀለል አላትና በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ተመለሰ። ከዚህም ሌላ ከሥራ ስትመለስ ድካም ይጥላት ስለ ነበር፣ በቤት ውስጥ «ይህች ልጅ ሰነፈች» የሚል ነገር መሰማት ጀመረ። እውነቱን ለመናገር እኛም እንደዚያው ሳናስብ አልቀረንም።

በኋላ አንዲት ጎረቤት፣ «በመድኃኒት መደብር የምትሸጥ ትንሽ ነጭ ክኒን አለች፤ እኔን ያዳነችኝ እርሷ ናት» ብላ ነገረቻት። ክኒኒቱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ተገዛች። በሁለተኛው ቀን እጇ ተፈታ፤ ቤቱም ሁሉ ደስ አለው። ልጅቱ ስምንት ወር ሙሉ ያንኑ ክኒን ዋጠች። ፊቷ ሞልቶ እንደ ጨረቃ ሲከብ «ተስማማት» አልን። ከዚያ ገንዘብ አጠረና በአንድ ጊዜ ተወችው። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ውኃ ልትቀዳ ስትነሣ ከደጃፍ ወደቀች፤ አንሥተን ወደ ሆስፒታል ወሰድናት።

የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነበር። መርምሯት ከጨረሰ በኋላ ወደ እኛ ዞሮ፣ «መምህር፣ በዚህች እኅታችን ላይ የደረሱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው በሽታው ነው፤ ሁለተኛው ያለ ሐኪም የተዋጠውና በድንገት የተቋረጠው ክኒን ነው» አለን። ሁለቱንም በትዕግሥት አስረዳን። እኛም ከእርሱ የሰማነውን ከመጻሕፍት ጋር እያስተያየን አጥንተን፣ በየቤቱ ያለች እናት ትረዳው ዘንድ እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

ስለ ኡኡታው

በገጠር ያደገ ሰው የኡኡታን ሥርዐት ያውቃል። በሌሊት ሌባ ወደ በረት ቢገባ ባለቤቱ «ኡኡ!» ብሎ ይጮኻል። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ዱላውን ይዞ ይወጣል፤ እርሱም በተራው እየጮኸ ስለሚሮጥ የሚቀጥለው መንደር ይሰማል። እንዲህ እያለ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አገሩ ሁሉ ይነሣል። ሌባው ከተያዘ በኋላ ግን ሽማግሌ ይቆምና፣ «በቃ፤ ሁላችሁም ወደየቤታችሁ» ይላል፤ መንደሩም ጸጥ ይላል።

ፈጣሪ በሰውነታችን ውስጥ ያኖረው ጥበብም ይህን ይመስላል። በደማችን ውስጥ ያሉት ነጭ ሕዋሳት የሰውነት ዘበኞች ናቸው። ተሐዋሲ በቍስል ወይም በጕሮሮ በኩል ሲገባ፣ መጀመሪያ ያየው ዘበኛ ከራሱ ውስጥ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ፕሮቲኖችን ይለቃል። እነዚህ ፕሮቲኖች ተሐዋሲውን ራሳቸው አይገድሉም፤ ሥራቸው መልእክት ማድረስ ነው። ሊቃውንት ሳይቶካይን ይሏቸዋል። ሌሎች ሕዋሳት በገላቸው ላይ መልእክቱን የሚቀበሉበት እንደ ጆሮ ያለ ነገር አላቸው። መልእክቱ ሲደርሳቸው የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸው ይላላል፣ ውኃና ዘበኞች ከደም ወደ ቍስሉ ይፈስሳሉ። ስፍራው የሚቀላው፣ የሚግለው፣ የሚያብጠውና የሚያመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሐኪሞች ብግነት የሚሉትም ይህንኑ ነው። በመጨረሻም «በቃ» የሚሉ ሌሎች መልእክተኞች ይነሡና ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

እንግዲህ የክርስትና ልጃችንን የያዛት በሽታ ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። በዚህ በሽታ ኡኡታው ይሰማል፤ ሌባ ግን የለም። ዘበኞቹ የገዛ ቤታቸውን ባለቤት እንደ ሌባ ይቈጥሩታል። መገጣጠሚያችንን ከውስጥ የሚሸፍን እንደ ሽንኵርት ልጣጭ የሳሳ ልባስ አለ፤ አንጓው ያለ ችግር እንዲታጠፍና እንዲዘረጋ ቅባት መሰል ፈሳሽ የሚያመነጨው እርሱ ነው። ኡኡታውን የሰሙ ሕዋሳት ወደዚህ ልባስ ይጐርፋሉ፤ እያንዳንዱም የመጣ በተራው ይጮኻልና ሌላ ይጠራል። ልባሱ ይወፍራል፤ ወደ አጥንቱ ጫፍም ይስፋፋል። መልእክተኞቹ አሮጌ አጥንት የሚያፈርሱትን ሕዋሳት ያነሣሣሉ፤ እነርሱም ያልታዘዘ ቤት እንደሚያፈርስ ሠራተኛ ጤናማውን አጥንት ይቦረቡራሉ። ለመንደሩ ጥበቃ የወጣ ሕዝብ የባለቤቱን ማሳ ረግጦ አጠፋው ማለት ነው። የፈረሰው አጥንትም እንደ ነበረ አይመለስም፤ የዘገየ ሕክምና የሚያስቈጭ ስለዚህ ነው።

የመልእክተኞቹ ጩኸት በአንጓ ብቻ አይቀርም፤ በደም ተጭኖ ወደ ጕበት፣ ወደ አንጎልና ደም ወደሚሠራበት መቅኒ ይደርሳል። ስለዚህ ሕመምተኛው ይደክማል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ ደሙ ያንሳል። የክርስትና ልጃችን ድካም ስንፍና እንዳልነበረ ያወቅነው ይህን ስንማር ነው፤ ይቅርታም ጠይቀናታል። በየቤቱ «ሰነፈች» የምትባል ሴት ልጅ ካለች፣ ጣቶቿን አስቀድሞ መመልከት ይገባል።

ይህ በሽታ የአንድ አገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 በመላው ዓለም ዐሥራ ስምንት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ነበሩበት፤ ከመቶው ሰባ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው። ከዚህ በታች የውጭ አገርን ነገር ስናወሳ የምንጽፈው ዓመት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስ።

ጮኸቱን ያስቆሙት ሊቃውንት

መልእክተኞቹ ብዙዎች ናቸው። ከነርሱም በዚህ በሽታ ስማቸው የሚነሣው ቲ.ኤን.ኤፍ.፣ ኢንተርሉኪን አንድና ኢንተርሉኪን ስድስት የሚባሉት ናቸው። ብዙ ሊቃውንት፣ «ጯኺው ብዙ ከሆነ አንዱን ዝም ማሰኘት ምን ይጠቅማል? ሌሎቹ ይጮኹ የለምን?» ይሉ ነበር። ነገሩም የሚያሳምን ይመስላል።

በሎንዶን ከተማ በኬኔዲ የሩማቶሎጂ ተቋም የሚሠሩት ማርክ ፌልድማንና ራቪንደር ማይኒ ግን ጥያቄውን በሥራ ፈተኑት። ከሕሙማን አንጓ የተወሰደውን ልባስ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ እያኖሩ ቲ.ኤን.ኤፍ. የተባለውን መልእክተኛ ብቻ ቢያግዱት፣ ኢንተርሉኪን አንድም አብሮ ቀነሰ። ይህ ውጤት በ1989 ታተመ። ከዚህም የጯኺዎቹ መጀመሪያ ማን እንደ ሆነ ታወቀ፤ እርሱ ዝም ሲል ከእርሱ ሰምተው የሚጮኹትም ዝም ይላሉና። በ1991 ደግሞ በግሪክ አገር በአቴና ጆርጅ ኮሊያስና ባልደረቦቹ ቲ.ኤን.ኤፍ. ከመጠን በላይ የሚያመነጩ አይጦችን አስገኝተው፣ አይጦቹ በአንጓ ብግነት መታመማቸውን አሳዩ። በ1992 በሎንዶን በቻሪንግ ክሮስ ሆስፒታል መልእክተኛውን የሚያግደው መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሩማቶይድ ሕሙማን ተሰጠ፤ ለብዙ ዓመታት የተሠቃዩት ሕሙማን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሻላቸው። ሁለቱ ሊቃውንት ስለዚህ ሥራቸው በ2003 የላስከርን ሽልማት ተቀብለዋል።

በጃፓን አገርም በኦሳካ ታዳሚትሱ ኪሺሞቶና ቶሺዮ ሂራኖ በ1986 የኢንተርሉኪን ስድስትን ዘር ለይተው ካወቁ በኋላ፣ ጥናቱ እያደገ ሄዶ ቶሲሊዙማብ የሚባል መድኃኒት ተገኘ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፣ በጽኑ የታመሙ ብዙዎችን ያዳከማቸው ይኸው ያለ ልክ የጮኸ ኡኡታ መሆኑ ስለ ታወቀ፣ ለአንጓ ሕመም የተሠራው ይህ መድኃኒት ለእነርሱም ተሰጥቷል። የአንድ ደዌ ጥናት ለሌላው ደዌ እንዲህ ይጠቅማል።

ስለ ነጭዋ ክኒን

አሁን ጎረቤቲቱ ወዳመሰገነቻት ክኒን እንመለስ። ክኒኒቱ ከኮርቲዞን ወገን ናት። አሜሪካዊው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች፣ እርጕዝ የሆኑ ሴቶች የአንጓ ሕመማቸው ቀለል እንደሚላቸውና ከወለዱ በኋላ እንደሚመለስባቸው አስተውሎ ነበር። ስለዚህ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው አንድ ፈዋሽ ነገር መኖር አለበት ብሎ ሲፈልግ ኖረ። በ1948 በማዮ ክሊኒክ ለአንዲት በጽኑ ለታመመች ሴት ኮርቲዞን ቢሰጣት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተራመደች። በ1950 ሄንች ከኤድዋርድ ኬንዳልና ከታዴዎስ ራይክሽታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ነገር ግን መድኃኒቱ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ፊትን ያነፋል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ የደም ስኳርንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ሰውነትንም ለተላላፊ በሽታ ያጋልጣል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። ከኵላሊታችን በላይ ያሉ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች ይህን የመሰለውን ነገር በየቀኑ ያመነጫሉ። ከውጭ ሲመጣላቸው ግን፣ ሌላ ሠራተኛ እንደ ተቀጠረለት ሰው ሥራቸውን ትተው ይተኛሉ። ክኒኑ በድንገት ሲቋረጥ ዕጢዎቹ ቶሎ አይነቁም፤ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ሰው ይወድቃል፤ ሊሞትም ይችላል። ልጃችን ከደጃፍ የወደቀችው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ይህን ክኒን ያለ ሐኪም አንጀምር፤ የጀመርነውንም ሳንማከር በአንድ ጊዜ አናቋርጥ። ሐኪም ሲያቋርጠው በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሰ ነው።

ሁሉም ቍርጥማት አንድ አይደለም

በእኛ አገር አንጓ የታመመበትን ሁሉ «ቍርጥማት ነው» ወይም «ሪህ ነው» ብሎ በአንድ ስም መጥራት ተለምዷል። ይህ ልማድ ብዙ ሰው ያሳሳተ ነውና ጥቂት እንለይ።

ሪህ የተባለው በአብዛኛው ወንዶችን የሚይዝ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በእግር አውራ ጣት ላይ በሌሊት በድንገት ይነሣል። ምክንያቱ በአንጓ ውስጥ የሚጠራቀሙ እንደ መርፌ የሾሉ የዩሪክ አሲድ ቅንጣቶች ናቸው። በ2006 በስዊስ አገር የተደረገ ጥናት እነዚህ ቅንጣቶች ኢንተርሉኪን አንድ የተባለውን መልእክተኛ እንዴት እንደሚቀሰቅሱት አሳይቷል።

የሩማቲክ ትኵሳት ደግሞ ሕፃናትን ይይዛል። የጕሮሮ ሕመም በሚገባ ሳይታከም ቀርቶ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሕመሙ ከጕልበት ወደ ቍርጭምጭሚት፣ ከዚያም ወደ ክንድ እየተዘዋወረ ይታያል። አንጓው ይድናል፤ የልብ በር ግን ሊጐዳ ይችላል። ስለዚህ የልጅን የጕሮሮ ሕመምና ትኵሳት ማቃለል አይገባም።

በእኛ በስምጥ ሸለቆ ሰዎች ዘንድ ግን ከነዚህ ሁሉ የተለየ አንድ ነገር አለ። ይኸውም በከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፍሎራይድ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት የጕድጓድ ውኃ የጠጡ ሠራተኞች ጥርሳቸው ቡናማ ሆነ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ አከርካሪያቸው እንደ ዘንግ ደርቆ ጐበጡ። የነርቭ ሐኪሙ ዶክተር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህን ሕመም በስምጥ ሸለቆ አጥንተው ጽፈውበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው ልክ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ ነው። ይህ ሕመም ኡኡታ አይደለም፤ በአጥንት ውስጥ የሚከማች ማዕድን ነው። መድኃኒቱም ንጹሕ ውኃ ነው እንጂ የመልእክተኞችን ጩኸት የሚያቆም ክኒን አይደለም። ሁለት ሰዎች በአንድ ወንበር ተቀምጠው «ወገቤን፣ ጕልበቴን» ቢሉ፣ የአንዱ ፈውስ ለሌላው ላይሆን ይችላልና ከጎረቤት ክኒን መዋስ እንደምን ያለ ስሕተት እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል።

ሩማቶይድ አርትራይተስን የምንጠረጥርባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ የሁለቱም እጆች ትናንሽ አንጓዎች አብረው ሲያብጡ፣ ጧት ጧት ከግማሽ ሰዓት በላይ ሲገትሩ፣ እብጠቱም ከስድስት ሳምንት በላይ ሲቈይ። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ።

ዛሬ ስላለው ሕክምና

ሐኪሙ ለልጃችን ያዘዘላት ሜቶትሬክሴት የሚባለውን መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት የኡኡታውን ኃይል ቀስ በቀስ ያበርዳል፤ ዋጋውም ከአዳዲሶቹ መድኃኒቶች ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅ ያለ ነው። ነገር ግን አራት ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ነው፤ በየቀኑ የዋጠው ሰው ሊሞት ይችላል። ሁለተኛ፣ ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቪታሚን አብሮ ይታዘዛል፤ ደምና ጕበትም በየጊዜው ይመረመራሉ፤ አረቄና ጠላም ጕበትን ስለሚያስቸግሩ ይቅሩ። ሦስተኛ፣ ፅንስን ይጐዳልና ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር። አራተኛ፣ ጥቅሙ የሚታየው ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ነጭዋ ክኒን በሁለት ቀን ታሳየው የነበረውን ለውጥ እየጠበቀ ተስፋ ቈርጦ የሚተው ብዙ ነው።

ለወባ ከምናውቀው ክሎሮክዊን ጋር የሚዛመደው ሃይድሮክሲክሎሮክዊንም ለዚህ ሕመም ይታዘዛል። ቲ.ኤን.ኤፍን ከሚያግዱት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው አዳሊሙማብ በ2019 በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ይሁን እንጂ ዋጋው ለብዙው ቤተ ሰብ የማይቀመስ ነው፤ በአገራችን ያሉት የአንጓ ሕመም ልዩ ሐኪሞችም እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

ስለ እነዚህ አዳዲስ መድኃኒቶች አንድ ነገር ልብ እንበል። ጯኺውን ዝም ማሰኘት ሁልጊዜ ያለ ዋጋ አይሆንም። ቲ.ኤን.ኤፍ. የሚባለው ያው መልእክተኛ የሳንባ ነቀርሳን ተሐዋሲ አጥሮ እንደ እስረኛ ከሚጠብቁት አንዱ ነው። በ2001 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ መልእክተኛው በታገደባቸው አንዳንድ ሕሙማን ላይ ተኝቶ የነበረው ነቀርሳ ተነሥቷል። የሳንባ ነቀርሳ በሚበዛበት በእኛ አገር እንግዲህ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ለነቀርሳ መመርመር ግዴታ ነው። ዘበኛው ስለ በደለን ብቻ ከደጃችን አናባርረውም፤ ልኩን እንዲያውቅ እናደርገዋለን እንጂ።

ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

አንዳንድ ሰው፣ «ጠበል እየተጠመቅሁ መድኃኒት ብውጥ እምነቴ ጐደለ ማለት አይደለምን?» ይላል። ቅዱስ ሉቃስ ወንጌላዊ ሐኪም እንደ ነበረ እናውቃለን። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል። ለአንጓ ሕሙማንም ነገሩ አንድ ነው። ጕልበቱ ያበጠበት ሰው ስለ ስግደቱ፣ መድኃኒቱን ከምግብ ጋር እንዲወስድ የታዘዘም ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቱ ጋር ይማከር፤ ለሐኪሙም አይደብቅ።

ፍል ውኃም ቢሆን አይናቅ። የሶደሬ ሙቅ ውኃ የተገተረውን ያላላል፣ ሕመሙንም ለጊዜው ያስታግሣል። የመልእክተኞቹን ጩኸት ግን አያቆምም፤ አጥንቱንም ከመፍረስ አያድንም። ስለዚህ እንደ ዕረፍት እንጂ እንደ ሕክምና አንቍጠረው።

የክርስትና ልጃችን መድኃኒቷን የምትውጠው በየሳምንቱ ሰኞ ነው። ቀኑ እንዳይሳሳት እናቷ በግድግዳው የቀን መቍጠሪያ ላይ በየሰኞው ክብ አድርገውበታል። የፊቷ እብጠት ወርዷል፤ የግራ እጇ ሁለት ጣቶች ግን እንደ ጐበጡ ቀርተዋል፤ እነዚያ በስምንቱ ወር ውስጥ የተጐዱ ናቸውና አይመለሱም። ከመርፌው ሥራ ወጥታ የተሰፋውን ልብስ ወደምትመረምርበት ክፍል ተዛውራለች። ቀሚሷን ስትቈልፍ ከቀድሞው ትዘገያለች፤ ነገር ግን ራሷ ትቈልፋለች።

ለሕሙማን ሁሉ ምሕረቱን፣ ለአስታማሚዎች ትዕግሥቱን፣ ለሐኪሞችም ጥበቡን ቸሩ አምላክ ያድልልን።